ከሰዓት ስምንት

ሐረገወይን የጋይንት ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ደብረ ታቦር አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራች፤ ከዚያ በኤጀንሲ ሻርጃ ገባች። ሙዋይለህ በሚገኝ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዕቃ ሲገዛ ካርቶኑን ሳታነብ አትጥልም። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች ምን እንደሆኑ ሊጠግን የመጣውን ሰው አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ሰውዬው ከተጠራበት ሥራ ይልቅ እሷን ሲያስረዳ ነው የቆየው። ማዳም ያን ቀን፣ «አንቺ ሠራተኛ ነሽ ወይስ ሙፈቲሽ?» አለቻት። ሙፈቲሽ መርማሪ ማለት ነው። ሐረገወይን ስድብ መሆኑን ብታውቅም ስሙን አልጠላችውም።

ኮሮና ሲመጣ ቤቱ ተዘጋ። ማዳም ሥራዋን ከሳሎን በኮምፒውተር ትሠራ ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ስለሆነች ድምፅ አይፈቀድም። የሐረገወይን ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይውላል። የማዳም እናት ከእነሱ ጋር ይኖራሉ። ሐረገወይንም እንደ ቤቱ ሰው «ማማ» ነው የምትላቸው። የደም ግፊት ስላለባቸው ረመዳንን አይጾሙም፤ የጠዋቱን ኪኒን ማዳም ራሷ ትሰጣቸዋለች። በረመዳን መሐል ሐኪሙ በስልክ አንድ ሌላ ጨመረ። ይህኛው የመኝታ ኪኒን ነው፤ የወሰደ ሰው መተኛት እንጂ መቆም የለበትም። በሚሰጥበት ሰዓት ማዳም ጸሎት ላይ ስለምትሆን ሥራው ለሐረገወይን ተሰጠ።

ማዳም መድኃኒት በሚያስታውስ ነፃ አፕ ትጠቀማለች። ሰዓቱን በስልኳ በዐረብኛ ሞላችና ወደ ሐረገወይን ስልክ ላከችው። የሐረገወይን ስልክ ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ መልእክቱ በአማርኛ ወጣ፦ «ከሰዓት 8:00»። ሐረገወይን ይህንን ገልብጣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። «የማማ መድኃኒት፣ ከሰዓት ስምንት።» ማማ ከምሳ በኋላ ጋደም ስለሚሉ የመኝታ መባሉም አላጠራጠራትም።

ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኪኒኗን በውኃ ሰጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን ማማ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ አዞራቸውና በሩ ላይ ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፤ ክርናቸው ግን ጠቆረ። ሐኪሙ በስልክ የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ኪኒኑን መቼ ወሰዱ?» የሚል ነበር።

ማዳም ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። «ሹፊ፣ እዪ! ስምንት። የማታ ስምንት። አንቺ ከምሳ በኋላ ሰጠሽ!»

«ማዳም፣ የእኔ ስልክ እንዲህ አይልም።»

«ስልክ አይዋሽም። አንቺ ሙህሚላ ነሽ።»

ሙህሚላ ችላ ባይ፣ ግድ የሌላት ማለት ነው። ማዳም መድኃኒቱን ሁሉ ሰብስባ ወደ ክፍሏ ወሰደች። ኤጀንሲው ዝግ ነው፣ በረራም የለም። ሲከፈት ግን ትመልሳታለች፤ ምክንያቱንም በወረቀት ላይ ትጽፋለች። ሐረገወይንን ያስፈራት መመለሱ ብቻ አልነበረም። ኤጀንሲው የሚይዘው ወረቀት ላይ ሙህሚላ የተባለችን ሴት ማን ሕፃን ያስይዛታል? ማን ሽማግሌ ያስጠብቃታል?

ከፍርሃቱ ጋር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ መጣባት። ሦስት ዓመት በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ኖራለች። ማዳም «አምስት ሰዓት ላይ» ስትል በሆዷ «አሥራ አንድ» እያለች፣ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። አሁን እንዴት ሳተች? ስልኳን አውጥታ ጽሑፉን ደጋግማ አየችው። ቁጥሩ ብቻውን ቢሆን ቀይራ ታነበው ነበር። «ከሰዓት» የሚለው ቃል ነው ያሳታት። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ማለት ለማንም ሀበሻ ምሳ የተበላበት፣ ፀሐይዋ የምታቃጥልበት ሰዓት ነው። ስልኩ በአማርኛ ስላናገራት በአማርኛ ሰማችው።

ማማ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ አንድ ሰዓት ያህል ዕረፍት አላት። በማግሥቱ በዚያች ሰዓት ኪሩቤልን ደወለችለት። ኪሩቤል የአክስቷ ልጅ ነው፤ ዱባይ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሆቴሉ ባዶ ሲሆን «እስክንጠራህ ቆይ» ብለውት አል ናህዳ በቢድ ስፔስ፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት ክፍል፣ ከአምስት ሰዎች ጋር ተቀምጧል።

«ኪሩ፣ ይሄን አፕ የሠራው ማነው?»

«ምን አደረገሽ ደግሞ?»

ነገረችው። ሳቁን ዋጥ ሲያደርግ ተሰማት።

«አትሳቅ! ሰው ወድቋል።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ። ‹ስለዚህ አፕ› የሚለውን ፈልገሽ ንኪው እስቲ።»

ነካችው። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር። በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ነው፤ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስሕተት ካያችሁ ንገሩን፣ ከቻላችሁም አስተካክሉት ይላል።

«‹አስተካክሉት› ይላል። ማንን ነው የሚለው?»

«ያነበበውን ሁሉ። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይሄ ነው።»

«ባለቤት የለውም በለኛ።»

«አለው እንጂ። ባለቤቱ ብዙ ነው።»

«ባለቤቱ የበዛ ቤትማ አይጠረግም።»

«ይሄኛው ይጠረጋል። ቆሻሻውን ያየ መጥረጊያውን ያነሳል።»

«ዋላሂ አንተ ጉደኛ! ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠርግ ኖሬ፣ ስልክ ውስጥም መጥረጊያ አገኘህልኝ!»

ቢሆንም ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያ ገጽ ከዓይኗ አልጠፋም። ያላየቻቸው ሰዎች የሠሩት ነገር በእሷ እጅ አልፎ ማማን መሬት ጥሏል። እነማን ናቸው? ያውቃሉ? በዚያው ገጽ ያለውን አድራሻ ስትነካ ሁሉም ኮዱን ወደሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ወሰዳት። ስሕተት የሚጻፍበት ቦታ ነበረው። ስሟን አስገብታ ተመዘገበችና በአንድ ትንፋሽ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ለኪሩቤል አነበበችለት።

«እናንተ ሰዎች! በእናንተ ምክንያት አሮጊት ወደቁ፤ እኔም ልባረር ነው። ፈጣሪ ይይላችሁ።»

«ሐረግ፣ ይሄ ክስ ነው።»

«ታዲያ ልመርቃቸው?»

«አትመርቂያቸውም፣ አትረግሚያቸውም። የሚያነቡት ደሞዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ከሥራቸው መልስ ነው የሚያዩት። ምን አደረግሽ፣ ምን ጠበቅሽ፣ ስልኩ ምን አሳየሽ? ሦስቱን ብቻ ጻፊ። የስልክሽን ገጽ ፎቶ ጨምሪበት። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ፈልጊ፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲነገራቸው ይሰለቻሉ።»

ፈለገች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው «የአማርኛው ሰዓት ግር ይላል» ብሎ ጽፏል። «እንዴት?» ብለው ጠይቀውታል። አልመለሰም። ከስድስት ወር በኋላ ጥያቄው ተዘግቷል። ሐረገወይን ተናደደች። ያ ሰው ሁለት መስመር ቢጨምር ማማ አይወድቁም ነበር። እንግሊዝኛዋን በመዝገበ ቃላት እየደገፈች ሦስቱን ነገር ጻፈች። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «እኔ በቸልታ አላነበብኩም፤ በቋንቋዬ ነው ያነበብኩት።»

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ደግሞም በአማርኛ።

«ሰላም እህቴ። ስሜ አብዱሰላም ይባላል። ትርጉሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ የደሴ ሰው ናት፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ጅዳ ነው። አማርኛዬ የእናቴ ቤት አማርኛ ነው። ‹ከሰዓት› የሚለውን ከመዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት። ለሴትየዋ በጣም አዝኛለሁ። እንዴት ናቸው? በምን ልተካው?»

ሐረገወይን ባላጋራ ነበር የምትጠብቀው። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ «ለካ ሰው ነው» አለች ለራሷ።

«ማማ ደኅና ናቸው፤ ክርናቸው ብቻ ነው» ብላ መለሰች። «ከሰዓት የሚለውን አውጥተህ ከምሽቱ በለው።»

ልካ ስታበቃ ራሷ አነበበችው። ከምሽቱ ስምንት ሰዓት። እንዲህ ያለ ሰዓት የለም! ስምንት ሰዓት ወይ ቀን ነው ወይ ሌሊት፤ ምሽት ሆኖ አያውቅም። ቃሉን ብቻ ቢቀይሩት ስሕተቱ መልኩን ቀይሮ ይቀመጣል። ችግሩ ያለው ቁጥሩና ቃሉ የሁለት አገር ሰዎች መሆናቸው ላይ ነው። ይህንንም ጻፈች።

አብዱሰላም አሰበበት። «ከቁጥሩ ላይ ስድስት መቀነሱን እኔ በኮድ እጽፈዋለሁ። ቃሉን ግን አላውቀውም። ጠዋት የት ያልቃል? ረፋድ ከስንት ይጀምራል? የሃያ አራቱን ሰዓት ስም በዝርዝር ብትጽፊልኝ፣ ኮዱ ከዚያ ላይ ያነባል። እኔ ብጽፈው እንደገና ከመዝገበ ቃላት ነው የምቀዳው።»

ቀላል መሰላት። ወረቀት አውጥታ ከአንድ እስከ ሃያ አራት ቁጥር አወረደች። ጠዋቱ በሩጫ አለቀ። አምስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው የኖረችው ነገር፣ ጻፊው ስትባል ጠርዙ ጠፋባት።

በማግሥቱ ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ስትወጣ፣ ከፊት ለፊት ቤት ኑኑ ምንጣፍ ታራግፋለች። ኑኑ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሠራተኞች ከቤት መውጣት ከተከለከሉ ወዲህ የሚገናኙት በዚህ በረንዳ ላይ፣ መንገድ በመሐላቸው አድርገው ነው።

«ኑኑ! አምስት ሰዓት ረፋድ ነው ቀን?»

«ምን?»

«አምስት ሰዓት! ከረፋዱ ነው የሚባለው ከቀኑ?»

«ኮሮናው ጭንቅላትሽ ላይ ወጣ እንዴ፣ ሐረጌ? ትኩሳትሽን ተለኪ!»

«የምሬን ነው። ለሥራ ነው።»

«የምን ሹግል ነው ደግሞ ይሄ? ቀን ነው በቃ። በአምስት ሰዓት ማን ረፋድ ይላል!»

ከኑኑ በላይ ባለው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። ሲምረት ናት፤ በዚያው ሕንፃ የምትሠራ ጎንደሬ። «እኛ አገር ረፋድ ነው! ቀን የሚባለው ስድስት ሲሞላ ነው።»

«እናንተ አገር ገና አልነጋም» አለች ኑኑ ወደ ላይ አንጋጣ።

«ቆይ፣ ሌሊትስ ከስንት ይጀምራል?» አለች ሐረገወይን ወረቀቷን ይዛ።

«ማዳም ‹ኸላስ፣ በቃ፣ ተኚ› ስትለኝ።»

«ኑኑ!»

«ምን ላድርግ? በእሱ ከሆነ እኔ ጋ ሌሊት ሳይገባ አራት ወሩ ነው!»

ሦስቱም ሳቁ። የኑኑ ማዳም ከውስጥ ስትጣራ ምንጣፉ ገባ። ሲምረት ግን መስኮቷን አልዘጋችም። «ምሽት የሚለውን አትጻፊ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምሽት የሬዲዮ ነው። ሰው ማታ ነው የሚለው።» ሐረገወይን ይህንንም ከጎን ጻፈችው። ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚገርማት። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ቋንቋ፤ ቀናቸውን ግን በተለያየ ቦታ ነው የሚቆርጡት።

ፋይሉን እንዴት እንደምታስገባ ኪሩቤል በስልክ መራት።

«ዋናውን አትነኪም። የራስሽን ቅጂ ትወስጃለሽ፤ ቅጂው ላይ ትጽፊያለሽ። ከዚያ ‹ይሄን ሠርቻለሁ፤ እዩልኝ፣ ከወደዳችሁት ከዋናው ጋር ቀላቅሉት› ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ፑል ሪኩዌስት ይሉታል።»

«እንደ ሽማግሌ መላክ ነዋ።»

«እንደዚያ በይው። እምቢም ሊሉሽ ይችላሉ። እኔ አንዴ አንዲት ፊደል አርሜ ልኬ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንቻለሁ።»

«ልጅቷን ሰጡህ?»

«ሰጡኝ!»

በስልኳ፣ በአውራ ጣቷ፣ አንድ በአንድ ጻፈችው። ሦስት የዕረፍት ሰዓት ፈጀባት። ስትልከው ወዲያው ቀይ ምልክት ወጣበት። ደነገጠች፤ አበላሸሁት ብላ አሰበች።

«አይዞሽ» ብሎ ጻፈ አብዱሰላም። «ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። የሚላከውን ሁሉ እየቆጠረ ይፈትሻል። ሃያ ሦስት መስመር አገኘ፤ አንድ ሰዓት ጎድሏል።»

የጎደለው የማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ቀን ይሁን፣ ምሽት ይሁን፣ ወይስ ሲምረት እንዳለችው ማታ መቁረጥ ስላቃታት በኋላ እመለስበታለሁ ብላ ዘልላዋለች።

«ያከራከረኝን ነው የዘለልኩት» አለችው።

«የሚያከራክረውን ሰዓት ብንዘለው፣ በዚያ ሰዓት መድኃኒት ያለበት ሰው ባዶ ነው የሚያየው። አንዱን ምረጪና ለምን እንደመረጥሽ አብረሽ ጻፊ። ያልተስማማ ይከራከርሽ።»

«ከምሽቱ 12 ሰዓት» ብላ ጻፈች። ምክንያቱንም ጨመረች፦ «ፀሐይ እየገባች ስለሆነ ቀን አይባልም። ማታ የሚሉም አሉ፤ ለጽሑፍ ግን ምሽት ይሻላል።» ምልክቱ አረንጓዴ ሆነ።

ቀጥሎ የአብዱሰላም ተራ ነበር። የእሱን ኮድ ስልኳ ላይ ጭና ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ስትሞክር፣ ንጋት ላይ ስትደርስ «ከንጋቱ 0 ሰዓት» አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

«ወንድሜ፣ በዜሮ ሰዓት የሚነሳ ሀበሻ የለም። ስድስት ከስድስት ሲቀነስ ለአንተ ዜሮ ነው፤ ለእኛ አሥራ ሁለት ነው።»

«አላህ ይስጥሽ! እናቴ ብታየው ከቤት ታስወጣኝ ነበር» አለ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም አስተካከለው።

የመጨረሻው ክርክር ከሌላ አገር ካለ በጎ ፈቃደኛ መጣ። ስልኩ ራሱ ከላይ ስምንት እያለ አፑ ከታች ሁለት ቢል፣ ሰው በሌላ በኩል አይሳሳትም ወይ ብሎ ጠየቀ። አብዱሰላም ጥያቄውን ለሐረገወይን አስተላለፈው። «መድኃኒቱን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። የትኛው ይሁን?»

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ቀን አሰበች። አፑን የምታነበው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ማዳምም ታየዋለች። አንዱን መድኃኒት ሁለት ሰዎች በሁለት ሰዓት ነው የሚጠብቁት። «ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ» ብላ መለሰች። «ያዘዘውም የሚሰጠውም በራሱ ሰዓት ያንብብ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያይለት።»

እንግዳው ሰው «ልክ ነሽ» አለ። ተቀበሉት። አብዱሰላም በሠሩት ሰዎች ዝርዝር ላይ ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቃት፤ በግዕዝ ፊደል ይሁን አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማዳም አታውቅም። ከሥራ ትእዛዝ በቀር አታነጋግራትም፤ ኪኒኑንም ራሷ ትሰጣለች። ሰኔ ሲጋመስ ኤጀንሲው ተከፈተ። አንድ ሐሙስ ማዳም ስልኳን አስቀምጣ፣ «እሑድ ጠዋት እንሄዳለን። ዕቃሽን አዘጋጂ» አለች።

ሐረገወይን ለመናገር ያሰበችው ዐረብኛ ሁሉ ጠፋባት። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ስልኳን አመጣች፤ ያንን ገጽ ከፍታ ማዳም ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እባክሽን አንብቢው። ከላይ ጀምሮ።»

ማዳም እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከነፎቶው አየች፤ ሌሎቹ ሰዎች በእንግሊዝኛ የመለሱትን አነበበች። ወደ ታች እየሳበች፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ተመልሳ እያየች ብዙ ቆየች። ሐረገወይን እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«እናንተ አገር ፀሐይ ስትወጣ ስንት ሰዓት ነው?» አለች ማዳም በመጨረሻ።

«አሥራ ሁለት።»

«ስትገባስ?»

«እሱም አሥራ ሁለት።»

«ዐጂብ!»

ማማ ከሶፋው ላይ ቀና አሉ። «ምንድን ነው? ስትገባ ስንት ነው አለች?»

«አሥራ ሁለት ነው ትላለች፣ እናቴ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የገረመሽ? አባቴም እንደዚያ ነበር የሚቆጥረው። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ አሥራ ሁለት ላይ ያደርገዋል። ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ሲመሽ፣ ሁለት ሰዓት ይላል። ይሄ ያንቺ ሰዓት እኮ በኋላ የመጣ ነው።»

ማዳም እናቷን አየች፤ ከዚያ ስልኩን አየች። ፈገግ አላለችም። «ስትጠራጠሪ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች ሐረገወይንን።

«አልተጠራጠርኩም፣ ማዳም። ብጠራጠርማ እጠይቅሽ ነበር።»

ማዳም ስልኩን መለሰችላትና ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ከኤጀንሲው ሰው ጋር ስታወራ ተሰማ፦ «ላ፣ እሑድ አንመጣም። ላ፣ ምንም ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም። ኸላስ።» ስትመለስ የመድኃኒቱን ሣጥን ይዛ ነበር። የሐረገወይን እጅ ላይ አስቀመጠችው። «አፑን አድሰሽ አሳዪኝ» አለች።

አደሰችው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 8:00» ይላል። ማዳም ሁለቱን ቁጥሮች በጣቷ ነክታ አየችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ሐረገወይን ሣጥኑን ይዛ ወደ ወጥ ቤት መሄድ ነበረባት። አልሄደችም።

«ማማ፣ አባትዎ ደመና ሲሆንስ የፀሐይዋን መግባት በምን ያውቁ ነበር?»

«ተቀመጪ» አሉ ማማ፣ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው እየመቱ። «እሱን ልንገርሽ።»